የካሊድ ጥፍርና የእድሩ ውሳኔ

ስማ! ያልሰማህ ከሰማው ጠይቅ! የሁለት ድንኳንና የአርባ ስድስት ወንበር ጠባቂ፣ የጡሩምባችን የበላይ አዛዥ፣ ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ የሚገኘው የእድራችን ሊቀመንበር፣ ክቡር ጋሽ ገብረትንሣኤ፣ የአራት ደቂቃ ቪዲዮ በስልካቸው ተመልክተው ሰፈራችንን ከጥፋት አድነዋል!

ግማሹ ሰፈር ፈርሶ ጎረቤት በየአቅጣጫው ሲበተን «ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» ብሎ የተቀመጠ ኮሚቴ፣ ለዚህች ቪዲዮ ሲሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞላ።

ቪዲዮዋ ከአንድ ዘጋቢ ፊልም የተቆረጠች ናት። ፊልሙ በገጠር ትንንሽ ከተሞች ወንድ ሆነው ወንድ የሚወዱ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ፣ ጎረቤትስ በምን ዓይን እንደሚያያቸው ያሳያል። ከሚናገሩት አንዱ ካሊድ ነው፤ የሠላሳ ስምንት ዓመት ወርቅ ሠሪ፣ የታመሙ እናቱን እትዬ ኡሙሰልማን የሚያስታምም ልጅ። ወሎ፣ በእናቱ የትውልድ ከተማ ሁለት ዓመት ሠርቶ ነበርና ስለዚያ ተናገረ። «እዚያ ያውቃሉ» አለ። «አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም፤ የተሰበረ ጉትቻቸውን ግን ያመጡልኛል።»

ፊልም ሠሪዎቹ ፊቱን አደበዘዙ፣ ድምፁን ለወጡ። እጁን ረሱት። ካሊድ እጁ ሥራ ካልያዘ ወሬ አይመጣለትም፤ እየተናገረ ቀለበት ይሞርድ ነበር። ሞርዶ ሲጨርስ ግራ ጉልበቱ ላይ ሦስቴ የሚያሽ፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ወርቅ ሠሪ ደግሞ በፒያሳ አንድ ብቻ ነው።

ለይቶ ያወቀው ቴዎድሮስ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ አብሮት የሠራ። ለሰፈሩ ክብር ሲል እንዳጋለጠው ለጉባኤው አስረዳ። ሻይ ቤት ያላት አዳነች እጇን አወጣች።

«ቴዲዬ፣ ፊት የሌለውን ሰው በጥፍሩ እስክትለየው ስንቴ አየኸው?»

ጉባኤው ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ካሊድን ከእድሩ በሙሉ ድምፅ ሰረዘ። አራዳ ነን ባዮቹ፣ ጉትቻውን ለካሊድ የሚያመጣ ባላገር የቻለውን አልቻሉም።

የእናትየው ጉዳይ ቀረ። እትዬ ኡሙሰልማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንድ ለቅሶ ያልቀሩ አባል ናቸው። ጋሽ ገብረትንሣኤ ምሕረት አደረጉ፦ ሲሞቱ ድንኳን ይተከላል፣ ቀባሪ ይወጣል፤ ልጁ ግን ቃሬዛውን አይነካም። ይህን ታሪካዊ ውሳኔ ይዘው አራት ሆነው እትዬ ኡሙሰልማ ቤት ሄዱ። መጀመሪያ ጤናቸውን ጠየቁ፣ «አላህ ይማርዎት» አሉ፣ ቀጥለው ቀብራቸውን አስረዱ።

ካሊድ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ሰማ። እምቢ ቢል እናቱ ያለ ቀባሪ ሲሸኙ ታየው። ሞረዱንና ጉጠቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ።

«እኔ እሄዳለሁ። እሷን በክብር ቅበሩልኝ።»

ጋሽ ገብረትንሣኤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጠፍቶ የተገኘ በግ ያዩ ይመስል። እትዬ ኡሙሰልማ ግን ከትራሳቸው ሥር የእድሩን ካርድ እየዳበሱ ነበር። አግኝተው ዘረጉላቸው። የልጃቸውን እጅ ከቴዎድሮስ አሥራ አንድ ዓመት በፊትም ያውቁት ነበር።

«ልጄ ያልያዘው ቃሬዛ ላይ አልተኛም፣ አቶ ገብረትንሣኤ። ድንኳንዎን ለራስዎ ያቆዩት።»

ካሊድ ጠቅልሎ የያዘውን ጨርቅ መልሶ ፈታ። አራቱ ሽማግሌዎች የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ ወጡ፤ ብርጭቆው ነውር የሚያጋባ ይመስል።

እትዬ ኡሙሰልማ ዛሬም አሉ፤ ሐኪሙ ግን ከወር በላይ አልሰጣቸውም። ቃሬዛ አራት እጀታ አለው። አንዱ የካሊድ ነው። አንዱን ወንድማቸው ሙደሲር ሊይዝ፣ ከዚያችው የወሎ ከተማ በመጀመሪያው አውቶብስ እንደሚመጣ ደውሏል። ሁለት እጀታ ባዶ ነው። የዚያን ቀን ጡሩምባ አይነፋም። ስለዚህ አንተ፣ እስከዚህ ድረስ በጋሽ ገብረትንሣኤ ስትስቅ የመጣህ፣ የራስህ የእድር ካርድ ኪስህ ውስጥ ያለ፣ እባክህ ከአሁኑ እጅህን ከኪስህ አውጣና…