ሁለቴ የማይሠራ መልስ

ሕግ የምወድ ሰው ነኝ። አገሬ እያለሁ ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ካርቱም ከገባሁ በኋላ ደግሞ ሳጃና ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ ለስደተኞች ቅጽ እሞላ ነበር። ሁለቱም ሥራ ግትር ሰው ይፈልጋል፤ ግትርነት ደግሞ ሞልቶኛል። ዓርብ ከሰዓት ሱቁ ሲዘጋ ያንኑ ግትርነቴን ይዤ ሻይ ቤት ጓዳ ውስጥ ጨዋታ እመራለሁ። ይህ ሁሉ ጦርነቱ ሳይበትነን በፊት ነው።

ጨዋታው ጠረጴዛ ከብበው የሚጫወቱት ተረት ነው። አንዱ ተረቱን ይመራል፤ የቀሩት በተረቱ ውስጥ የፈለጉትን ሰው ይሆናሉ። ዘንዶ አለ፣ አስማተኛ አለ፣ በግንብ የታጠረ ከተማ አለ። አንድ ነገር ሲሞክሩ ይሳካ አይሳካ የሚለየው ዕጣ ነው። መመሪያውን ስልኬ ላይ አውርጄ ራሴ ወደ አማርኛ መለስኩት። ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ያስፈልጋል ይላል፤ እኔ ሱቅ ዐረቢ ገበያን ከዳር እስከ ዳር ዞሬ ያገኘሁት ባለስድስት ጎኑን ብቻ ነው። ተናድጄ ሃያ የሸሚዝ ቁልፍ ገዛሁና በጥፍር ቀለም ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጽፌባቸው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኳቸው። እጅ ሰዶ አንድ ቁልፍ ማውጣት ነው። ከአስር በላይ ከሆነ አለፈ፤ ካልሆነ ወደቀ።

ተጫዋቾቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ባለሦስት እግር ረክሻ የሚነዳ፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ ነው። ሁለተኛው የድሮ ወታደር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛዋ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። አሠሪዎቿ ልጅ ይዘሽ አትገቢም ስላሏት ሴት ልጇን ከከተማው ዳር ማዮ ሰፈር አክስቷ ዘንድ አስቀምጣታለች። ሐሙስ ማታ ሄዳ ከልጇ ጋር ታድራለች፤ ዓርብ ከሰዓት የማዮ ሚኒባስ ስለሚጠፋ በጊዜ ትመለሳለች። አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ወጥተው በሩን የሚከፍቱላት በመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ መሀሉን እኛ ጋ ትቆያለች። የስደተኞች ቢሮ ያለው ፋይሏ እሷንና ልጇን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ካለፈ ሌላ አገር ሄደው አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ከዚህ የበለጠ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

መጀመሪያ ላይ ጨዋታችን ውጊያ ውጊያ ይል ነበር። አንድ ቀን ሽማግሌውን ሰይፍዎን ይምዘዙ ስላቸው፣ “በጨዋታም ቢሆን ሰው አልገድልም፤ ኻላስ” ብለው እጃቸውን አጣጠፉ። ምን ላድርግ? ሰይፉን ትቼ የችሎታ ውድድር ማዘጋጀት ጀመርኩ፤ ገደል መውጣት፣ ወንዝ መሻገር፣ ሰው ማሳመን። ሦስት ጊዜ ሳይወድቅ ሦስት ጊዜ ያለፈ ያሸንፋል። ረክሻ ነጂው ለሁሉም ነገር “ስለ ፈጣሪ ብለህ” እያለ ሲያሰለቸኝ ከራሴ አንድ ሕግ ጨመርኩ። አንድ መልስ ሁለቴ አይሠራም፤ ያለውን የደገመ ቁልፍ ሳያወጣ ወዲያው ይወድቃል። በዚህ ሕግ እንዴት እንደኮራሁ ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

የሚወዱት ውድድር የከተማው በር ነበር። በረኛው እኔ ነኝ። ቀና ሳልል፣ እንደሚጽፍ ሰው አቀርቅሬ “ለምን መጣሽ?” እላለሁ። ድምፁን የወሰድኩት በየመክተቡ፣ በየቢሮው መስኮት ስር ቆሜ ከሰማኋቸው ሠራተኞች ነው። ሁላቸውም ያውቁታልና ይስቃሉ።

የወሎዋ ልጅ ስትጀምር አንገቷን ደፍታ የምትናገረው አይሰማም ነበር። ከወራት በኋላ ግን ምላሷ ተፈታ። ያን ዓርብ ቅጠል የምትቀምም መድኃኒተኛ ሆና በሩ ላይ ቆመች።

“ለምን መጣሽ?”

“ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ ልከውብኝ ነው።” አሥራ አራት አወጣች።

“ለምን መጣሽ?”

“እናንተ ዘንድ የሌለ ዘር ይዤላችሁ።” አራት። ወደቀች።

“ለምን መጣሽ?”

“ጥርስህን አሞህ የለ? ከሩቅ ያስታውቅብሃል። ላንተው ነው የመጣሁት።” በረኛው ራሱ ሳቀ። አሥራ ሰባት።

“ለምን መጣሽ?”

“እየመሸ ነው። ውጭ የምታድር ሴት ምን እንደሚገጥማት አንተም ታውቃለህ።”

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። እጇን ሰዳ ቁልፉን አወጣች፤ አሥራ አንድ። በሩ ተከፈተ፤ ረክሻ ነጂው ጠረጴዛውን እየደበደበ “ያላ! ግቢ!” አለ። እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሳቀች።

ስትወጣ፣ “ጋሼ፣ ለሰኞው ሙቃበላ መለማመጃ ሆነልኝ ወላሂ” አለችኝ። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቃለ መጠይቅ ነው።

“ኢንሻላህ” አልኳት። ይህንኑ ብቻ።

እዚያ በፎቶ ኮፒ ቤቴ ለመጣ ሰው ሁሉ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ጥያቄው ቢደጋገም አትደንግጡ፤ ቃላችሁ ይጸና እንደሆነ ሊያዩ ነው፤ ያንኑ መልሱ እላለሁ። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ጭብጨባው ጥሞኝ፣ ጨዋታዬ አሞቆኝ፣ ከአእምሮዬ ወጣ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሳምንቱ ፊቷ በርቶ፣ ቴምር በፌስታል ይዛ መጣች። ሳትቀመጥ ጀመረች።

“ጠያቂዋ ሦስቴ ጠየቀችኝ፣ ሦስት አመጣሁላት! መጀመሪያ ለምን ተሰደድሽ ስትለኝ የወንድሜን ነገርኳት፤ እሱን ፍለጋ ቤቴ ድረስ እንዴት እንደመጡብኝ። ብዙ ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ። አላለፈም ማለት ነው ብዬ ቤታችንን እንዳቃጠሉብን ነገርኳት። በሦስተኛው ደግሞ የሟች ባሌ ወንድም በግድ ላግባሽ ማለቱን። አንዱንም አልደገምኩ፣ ጋሼ!”

“ከራስሽ የጨመርሽው አለ?” አልኳት።

“አስተግፊሩላህ! ሁሉም የደረሰብኝ ነው።”

የባሰው እሱ ነበር። አንዱ እንኳ ውሸት ቢሆን እሷን ወቅሼ ትንሽ እተነፍስ ነበር። ረክሻ ነጂው ቴምሩን እየበላ ያደንቃታል፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እኔ ቆርቆሮዬን ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ። ብነግራት ምን ልታደርግ? የተጻፈው ተጽፏል። “ጎበዝ” አልኳት።

የውሳኔው ደብዳቤ ከወራት በኋላ ወጣ። ከልጇ የክትባት ካርድ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ፣ አሠሪዋን አስፈቅዳ ሱቄ ድረስ አመጣችው። እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ነኝ አንባቢዋ። ገና ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ እምቢ እንዳሏት ገባኝ። ሌላ ነገር ይገኝበት ይመስል ሦስቴ አነበብኩት።

“ምን ይላል?”

“የሰጠሻቸው ምክንያቶች ይለያያሉ ይላል።”

“አዎ፣ ይለያያሉ። ሦስት ናቸዋ።”

አስረዳኋት። ጥያቄው ለምን እንደሚደጋገም፣ ሲደጋገም ምን እንደሚፈለግ፣ ሁሉንም። ቅጾቹን እየተመለከተች ሰማችኝ።

“ያንኑ ብመልስላት ኖሮ ነው?”

“አዎ።”

“እርስዎ ያውቁ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ በወደድኩ። ይግባኝ ይቻላል ስላት እስክሪብቶዬን አንስታ ሰጠችኝና፣ “ይጻፉ እንግዲህ። የትኛውን ልተው?” አለች። ወንድሟን? ቤቷን? በግድ ሊያገባት የመጣውን ሰው? ለሺህ ሰው ቅጽ የሞላሁት እኔ አንዱን ጽፌ ሰረዝኩ። በመጨረሻ ሦስቱንም በመጡበት ቅደም ተከተል፣ አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳመጣ ጻፍነው። መልሱ እስከ ጦርነቱ ድረስ አልመጣም።

ከደብዳቤው በኋላ በነበረው ዓርብ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። መጣች። እኔ ወንዝ መሻገር አዘጋጅቼ ነበር።

“በሩን ያምጡት፣ ጋሼ” አለች።

“ሌላ ጊዜ ይሁን።”

“በሩን።”

ተቀመጥኩ። የሠራተኛውን ድምፅ ለማውጣት ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። በራሴ ድምፅ፣ “ለምን መጣሽ?” አልኳት።

“ከልጄ ጋር ለመኖር።” ስድስት አወጣች። ወደቀች።

“ለምን መጣሽ?”

“ከልጄ ጋር ለመኖር።”

“ደገመች! ሕጉ!” አለ ረክሻ ነጂው፤ ነገሩን አልሰማምና። ሽማግሌው ክርኑን ያዝ ሲያደርጉት ዝም አለ። በሕጌ መሠረት ለሁለተኛ ጊዜ ወድቃለች፤ አንድ ቀርቷታል። ጥያቄውን ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኳት፤ አለመጠየቅ እችል ነበር፣ ግን ዓይኗ ጠይቀኝ ይላል። ያንኑ መለሰች፤ ቃሉም ድምፁም ሳይለወጥ።

ቆርቆሮውን ወደ ራሴ ሳብኩና፣ “አለፍሽ፤ በሩ ተከፍቷል” አልኳት። ከራሴ ሕግ አንዱን ስሰብር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም፤ እንዲያውም ለእኔ ያዘነች ትመስላለች።

“እዚህማ ያልፋል፣ ጋሼ” አለች። ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ስድስት የተጻፈባትን ቁልፍ አንስታ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረችልኝ። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ፣ መግሪብ ሳይደርስባት ወደ አሠሪዎቿ በር ሄደች።