በሰውየው ደጅ የሚያልፈው መንገድ

ልጄ መሄዴን አትወደውም። «እማዬ፣ በዚህ ጉልበትሽ ጫካ ለጫካ ምን ያንከራትትሻል?» ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤት አይቀመጥም። እዚህ ስዊድን፣ ሃግሴትራ የሚባል ሰፈር ከገባሁ በኋላም ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ያለውን ጫካ ብቻዬን ስዞር ነው የሰፈሩ ተጓዦች ያገኙኝ። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ፈረንጆች ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ በአውቶቡስ ከከተማ ወጣ ብለው እርሻውን አቋርጠው እስከ ባሕሩ ዳር ይሄዳሉ። «ነይ» አሉኝ፤ ሄድኩ። ይኸው ስንት ክረምት አብረን አሳለፍን።

መሪያችን ከእኔ ትንሽ የምታንስ፣ ቀጥ ያለች ረጅም ሴትዮ ናት። ደግ ናት፤ ግን ደግነቷን ሳትጠይቅሽ ነው የምትወስንልሽ። አንድ ሐሙስ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ዛሬ ትልቅ አቀበት አለ፣ ጉልበትሽ አይችለውም። አንቺ ፌርማታው ላይ ጠብቂን» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ከእንግዲህ ከማክሰኞዎቹ ጋር ብትሄጂ ሳይሻልሽ አይቀርም» አለች።

የማክሰኞዎቹን አውቃቸዋለሁ። በአስፋልት አንዲት ኩሬ ይዞራሉ፤ አግዳሚ ወንበር ባዩ ቁጥር ይቀመጣሉ። ምንም አልበደሉኝም። ግን ባሕር የለበትም። እኔ ያን ሰፊ ውኃ ሳላይ ሳምንቱ አያልፍልኝም።

«አቀበቱን ለምን እንወጣለን? ታች በውኃው ዳር መንገድ የለም?» አልኳት።

«አለ። የሁሉም ሰው መንገድ ነው። ግን እዚያ መንገዱ ዳር ቤት ያለው ሰውዬ ደስ አይለውም፤ ስለዚህ እንዞራለን።»

«ተቆጥቷችሁ ያውቃል?»

«ኧረ አነጋግረነውም አናውቅ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ። እሷ የተስማማሁ መስሏት እጄን መታ መታ አደረገችኝ።

ከአውቶቡሱ ወርደን መንገዱ ጋ ስንደርስ እንዳለችው ነው። መንገዱ በጥዶቹ መሀል ይወርድና በቤቱና በውኃው መካከል ያልፋል። ሰውየው አሮጌ ጀልባ ገልብጦ አጋድሞበታል፤ ከጀልባው ወዲያ የአበባ ማሰሮ ደርድሯል። ሰሌዳም ተክሏል። ምን እንደሚል አልጠየቅኩም። ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ ነው፤ እሱም የራሳችንን እንጂ የእነሱን አይደለም። ጓደኞቼ ታማሚ በተኛበት ቤት ደጅ እንደሚያልፍ ሰው ድምፃቸውን ቀንሰው ወደ አቀበቱ ታጠፉ። እኔ ቆምኩ።

«ፌርማታው በዚያ በኩል ነው» አለችኝ መሪያችን።

«አውቃለሁ። እኔ በደጁ ነው የማልፈው።»

«ይቆጣል።»

«ይቆጣ።»

ባደግኩበት አገር በሰው ደጅ ድምፁን አጥፍቶ የሚያልፍ ሌባ ነው። ሻሼን አስተካከልኩና ጀልባው አጠገብ ቆሜ በገዛ ቋንቋዬ ተጣራሁ፤ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!» ከኋላዬ አንዱ «እሽሽ» ሲል ሰማሁ። መጋረጃው ተነቃነቀ። የሱፍ ካልሲ ያደረገ፣ ጢሙን ያልተላጨ ሽማግሌ በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ምን ፈለግሽ?»

ስዊድንኛዬ እንደ ነገሩ ነው፤ ግን ይበቃኛል። «ምንም። ማለፌ ነው፤ ሰላም ልበልዎ ብዬ ነው» አልኩት።

«መንገዱ ተዘግቷል።»

«አየሁት። ጀልባውን ማን ጎተተው?»

«እኔ።»

«ብቻዎን? ወገብዎን አላመመዎትም?»

በጣቱ ወደ አቀበቱ አሳየኝ። «ሌሎቹ በላይ ነው የሚሄዱት።»

«እነሱ ጉልበት አላቸው። እኔ የለኝም፤ ስለዚህ በዚህ አልፋለሁ።»

ልለፍ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። ሰላም አልኩት እንጂ አልለመንኩትም። ጀልባው ጀርባ ላይ ተቀመጥኩ፣ አንዱን እግሬን በእጄ አንስቼ አሻገርኩ፣ ሌላውን አስከተልኩ። ማሰሮዎቹን እንዳልነካ ቀሚሴን ሰብስቤ በመሀላቸው አለፍኩ። «አበባዎ ውኃ ጠምቶታል» አልኩት ሳልፍ። እንደቆመ ነው። ፈርቼ ነበር። ቢሆንም ወደ ኋላዬ አልዞርኩም።

ሁልጊዜ «ፊካ» እያሉ አረፍ ብለው ቡና የሚጠጡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቀድሜያቸው ደረስኩ። ባሕሩ ፊቴ ተዘርግቷል። ፔርሙሴን ከፍቼ ግማሽ ስኒ ጠጥቼ ሳበቃ እነሱ እያለከለኩ ከላይ ወረዱ።

«በየት መጣሽ?» አለችኝ መሪያችን።

«በመንገዱ።»

አንዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ምን አለሽ?» አለች።

«ምን ፈለግሽ አለኝ። ምንም አልኩት።»

ጀልባው ዛሬም እዚያው ተጋድሟል። መሪያችን አሁንም በአቀበቱ ነው የምትሄደው፤ ልማዷ ነው፤ ግን ከዚያ ወዲህ ፌርማታ ላይ ጠብቂ ብላኝ አታውቅም። ማክሰኞንም አላነሳችብኝም። ጉልበት የሚያማቸው ሁለት ሴቶች ከእኔ ጋር በታች ይመጣሉ፤ «ቤቶች» ማለትን አስተምሬያቸዋለሁ። ሰውየው አንዳንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴ መጋረጃው ብቻ ይነቃነቃል። አበባውን ግን ማጠጣት ጀምሯል።

ልጄ ናት ያልለቀቀችኝ። ሐሙስ ጠዋት ጫማዬን ሳስር በሩ ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ አንድ ቀን ከሰው ትጣያለሽ» ትለኛለች።

«ኧረ አልጣላም፤ ሰላም ብዬ ነው የማልፈው» እላትና እወጣለሁ።