የዳታቤዙ መጽሐፍ እና የቁስቋሟ አስካለ

ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ አራት ኪሎ ካለው መሥሪያ ቤቴ ተነስቼ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ርቀቱን የሚያውቅ አንባቢ ይህንን ጉዞ ብዬ በመጻፌ ይስቅብኝ ይሆናል። እኔም ስነሳ ከምሳ በፊት የምመለስ መስሎኝ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው፣ የሰባዎቹ ማለቂያ፤ ኮምፒውተር በዓይኑ ያየ ሰው በጣት ይቆጠር ነበር።

በዘንቢሌ የያዝኩት ሰባት መቶ ገጽ ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ዳታቤዝ የሚባለው ፕሮግራም የብዙ ሰው ስምና መረጃ መዝግቦ ሲጠየቅ የሚያወጣ ሲሆን፣ መጽሐፉ ደግሞ የፕሮግራሙን ትእዛዞች አንድ በአንድ ያስረዳል። አለቃዬ ለየቅርንጫፉ ይገዛ እንደሆነ ለመወሰን ፈልገው “ጠቃሚነቱን መዝነሽ በአንድ ገጽ አቅርቢ” ብለውኛል። እኔ ግን ፍርዴን አስቀድሜ ጨርሻለሁ። የግምገማ ቅጹ ላይ “እጅግ ጠቃሚ” ብዬ በእርሳስ ጽፌ ስለነበር፣ የቀረኝ ማስረጃ ብቻ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ሽሮ ሜዳ አጠገብ ባለ አንድ ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ዝርዝር በዚሁ መጽሐፍ እየተመራሁ ያደራጀሁት እኔው ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ የሄድኩት ለመመዘን ሳይሆን ለመመስገን ነው።

ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

የመሥሪያ ቤቱ መኪና የነዳጅ ኩፖን ስለጨረሰ አውቶብስ ተሳፈርኩ። አሥራ አምስት ሳንቲም ከፍዬ ቆሜ ስሄድ፣ አንዲት ነጠላ የተከናነቡ እናት ክብደቱን አይተው ዘንቢሌን ጭናቸው ላይ ተቀበሉኝ። በጋዜጣ የጠቀለልኩትን መጽሐፍ በእጃቸው ዳሰሱት።

“ቃለ እግዚአብሔር ነው፣ ልጄ?” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“አይ እማማ፣ የመሥሪያ ቤት ነው።”

“ይህን ሁሉ? ምን ቀርቷቸው ነው ይህን ሁሉ የሚጽፉት?”

ተሳፋሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ስድስት ኪሎ ላይ ግማሹ ሰው ወረደና መቀመጫ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ አውቶብሱ እያቃሰተ ሲወጣ በመስኮቱ የባሕር ዛፍ ሽታ ያለው ብርድ ይገባል። ሽሮ ሜዳ ወርጄ የሸማኔዎቹን መንደር አልፌ፣ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ገብቼ ሁለት ፓስቲ በሻይ በላሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ረፋድ፣ ክሊኒኩ

የኮምፒውተሩ ክፍል የሚገባው ጫማ አውልቆ ነው። አቧራ ያበላሸዋል ተብሎ ስለተፈራ፣ መሣሪያውን በአልጋ ልብስ ሸፍነው ክፍሉን በቀን ሁለት ጊዜ ይወለውሉታል። አስተዳዳሪው በካልሲያቸው ቆመው ተቀበሉኝ።

“ጓድ ሰናይት፣ ዝርዝርሽ ተአምር ነው። ወረፋው ቀነሰ። ካርድ ፍለጋ ቀረ፤ ነርሷ የዝርዝሩን ወረቀት አይታ መድኃኒት ትሰጣለች ወይም ጨርሰሻል ብላ ታሰናብታለች።”

ወረፋው ቀነሰ የሚለውን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ከመመለሴ በፊት ጋሽ ወርቁን ሰላም ልበል ብዬ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ ለረጅም ዓመታት የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ሲመጣ ከካርድ መስኮቱ ተነስተው ፋሻና አልኮል ቆጣሪ ሆነዋል። ዝርዝሩን አይተውት ስለማያውቁ አንድ ቅጂ ሰጠኋቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

“አስካለ ከበደ እዚህ አንድ ብቻ ናት።”

“አዎ ጋሽ ወርቁ። ሁለት ጊዜ ተጽፋ ነበር፣ አንዱን አስቀረሁት።”

“ሁለት ጊዜ አልተጻፈችም፣ ልጄ። ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ እዚሁ ጥጥ ትፈትላለች፣ መድኃኒቷን ጨርሳለች። ሌላዋ የቁስቋሟ ናት፣ እንጨት ተሸካሚዋ። ዝርዝሩ ሲሠራ እሷ መድኃኒት ከጀመረች ገና ሦስተኛ ወሯ ነበር።”

የመጽሐፉ ገጽ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፦ በዝርዝር ውስጥ የተደጋገመ ስም አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊ ስህተት ነው፤ ይህን ትእዛዝ ስጥ፣ ከሚመሳሰሉት የመጀመሪያውን ብቻ ያሳይሃል። ሰጥቼ ነበር። የመጽሐፉ ምሳሌ ለስም ሁለት ቦታ ብቻ ስለነበረው፣ እኔም የአያት ስም ትቼ የራስና የአባት ስም ብቻ አስገብቻለሁ። ጉለሌ ውስጥ ተወልጄ ያደግኩ ሰው፣ በየሰፈሩ ስንት አስካለ ከበደ እንዳለ የማውቅ ሰው፣ ይህን አደረግኩ። ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ኮርቻለሁ።

“እርስዎ እንዴት ነበር የሚለዩዋቸው?”

“ካርዳቸው ጥግ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። የቁስቋሟ፣ የፈታይዋ እያልኩ።”

“ለምን አልነገሩኝም?”

“ማን ጠየቀኝ?” አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው የነገሩኝ።

ተመልሼ በባዶ እግሬ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ያስቀረሁትን መልሶ የሚያሳየውን ትእዛዝ ከዚያው መጽሐፍ ፈልጌ ጻፍኩት፤ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። አሥራ አንድ ሰው ተመልሶ ወጣ። ነርሶቹን ጠርተን በየስሙ ስንጠይቅ አሥሩን በመልክ ስለሚያውቋቸው መድኃኒታቸውን አላቋረጡባቸውም። የቁስቋሟ አስካለ ግን የመጣች ቀን መስኮቱ ላይ የነበረችው አዲስ ነርስ ነበረች። “ጨርሰሻል” ብላ አሰናብታታለች። ይህ ከሆነ ወር ሊሞላው ነው።

አስተዳዳሪው በሩን ዘጉ። “ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይውጣ። አሻጥር ይባላል፤ አንቺም እኔም አንተርፍም። የመሣሪያ ብልሽት ነው ብለሽ ጻፊ።”

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ጋሽ ወርቁ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ቤቷን ያውቁታል።

ስድስት ሰዓት፣ ወደ ቁስቋም ሽቅብ

ዳገቱ ጉልበት ይፈትናል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ ይወርዳሉ፤ ጀርባቸው ስለጎበጠ የሚያዩት መሬቱን ብቻ ነው። እኔ አይቻት የማላውቃትን አስካለን በእያንዳንዷ ፊት እየፈለግኩ አላፊ አግዳሚው ላይ አፈጥ ነበር። ጋሽ ወርቁ አንድ ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዘንቢሌን አይተው “እሱን ለምን ተሸከምሽው?” ሲሉኝ፣ መጽሐፉን ክሊኒክ መተው እንኳ እንዳላሰብኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ከታች ከተማው በሙሉ ይታያል። አላማረኝም።

ቤቷ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በላይ ያለች የጭቃ ቤት ናት። አስካለ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት፤ ጋሽ ወርቁን ስታይ ፊቷ በራ።

“እንኳን ደስ አለሽ ልትሉኝ ነው የመጣችሁት አይደል?” አለች። “ግቡ፣ ግቡ።”

መደብ ላይ አስቀምጣን ቆሎ አቀረበች። አፋችንን ሳንከፍት ወሬዋን ጀመረች።

“ከዳንኩ ጥላ አስገባለሁ ብዬ ለቁስቋም ማርያም ተስዬ ነበር። በኅዳር ስድስት፣ በበዓሏ፣ አስገባሁላት። ከምርመራዬ ጀምሮ ሳህኔንም መኝታዬንም ከልጄ ለይቼ ነበር፤ እንዳይዛት ብዬ። አሁን በቃ፣ አብረን እንበላለን፣ አብረን እንተኛለን።”

ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

“እትዬ አስካለ፣ መድኃኒትሽ አላለቀም። ጨርሳለች የሚለው ወረቀት ስለ ሌላ ሴት ነበር። ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።”

“እንዴት የሌላ ሴት? ስሜን ጠርታ እኮ ነው የነገረችኝ። የአባቴንም ስም።”

“እሷም አስካለ ከበደ ናት።”

ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከመኝታው በኩል፣ አንዲት ልጅ ሳለች። ደረቅ ሳል ነበር፤ ቆም አለና እንደገና ቀጠለ። እውነት እላችኋለሁ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

“መሠረት ከመቼ ጀምሮ ነው የምትስለው?” አሉ ጋሽ ወርቁ።

“ብርድ ነው። እ... ማለቴ፣ ብርድ መስሎኝ ነበር።” አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። “እመቤቴን ዋሸኋት። ያልተደረገልኝን ተደረገልኝ ብዬ እልል አልኩ።”

“አልዋሸሻትም፣ ልጄ። ቀድመሽ አስገብተሻል፣ በቃ። አሁን ልጅቷን አልብሺያት።”

ከሰዓት በኋላ

ቁልቁለቱን አራት ሆነን ወረድን። ሰባት ዓመት የሆናት መሠረት መንገዱን በሙሉ የጋሽ ወርቁን እጅ ይዛ ስለ ጎረቤታቸው ፍየል ስታወራ፣ እናቷ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ አፏን ሸፍና ትሄዳለች። እንደገና መራቅ ጀምራለች። ክሊኒኩ ሳይዘጋ ደረስን። ሐኪሙ አስካለን መድኃኒቱን እንደገና አስጀመራት፤ ልጅቷንም አዳምጦ ለምርመራ ላካት። ጋሽ ወርቁ ማንንም ሳያስፈቅዱ ካርድ አውጥተው የልጅቷን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ጻፉ፤ ጥጉ ላይ ደግሞ በእርሳስ “የቁስቋሟ አስካለ ልጅ” ብለው ጨመሩ።

ቤቴ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው። እግሬን ታጥቤ ቅጹን ፊቴ ዘረጋሁ። ቀኑን ሙሉ መጽሐፉን ልወቅስ ስፈልግ ነበር፤ ግን ሰዎቹን ያሳጣኝም መልሶ ያሳየኝም ያው መጽሐፍ ነው። እሱ ትእዛዝ ያውቃል። ሰዎቹን የሚያውቁት ግን ፋሻ ቆጣሪ የተደረጉት ሽማግሌ ነበሩ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኳቸውም። የጉዞው ትምህርት ይህ ነው፣ ዋጋውን የከፈልኩት ግን እኔ አይደለሁም።

“እጅግ ጠቃሚ” የሚለውን አጠፋሁ። የመሣሪያ ብልሽት ብዬም አልጻፍኩም። በብዕር እንዲህ አልኩ፦ “መጽሐፉ ይሆናል የሚለው ነገር ሁሉ በትክክል ይሆናል። ይህንን የምመሰክረው፣ በእኔ እጅ በአንዲት እናትና በልጇ ላይ ሲሆን ስላየሁ ነው።” ስሜን፣ የአባቴንና የአያቴን ስም ጽፌ ፈረምኩ።

የልጅቷ የምርመራ ውጤት የሚደርሰው ሰኞ ነው።