አክስቴና የረጠበው ብር

አክስቴ ዲላ ገበያ አቮካዶ ትሸጥ ነበር። ክረምት ላይ ከገበያ ስትመለስ፣ ዝናብ ያረጠበውን ብር እጥፋቱን እያቃናች ምድጃው ዳር ታደርቀዋለች።

አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ሳንቲም ለመሥራት ወጪው ይበዛል፤ ግን ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ወረቀቱ ቶሎ ስለሚያረጅ እንደገና ይታተማል» አልኳት።

«ብር ለማተምም ብር ይወጣል?» ብላ ተገረመች። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «እንግዲያው ቶሎ የሚያረጀውን ነዋ ደህና አድርጎ መያዝ» አለችኝ።

ዘንድሮ ታመመች፤ ክረምቱ ሳይወጣም ሳንጠግባት ተለየችን።

ባለቤቷ አሁንም ማታ ምድጃው ፊት ሲቀመጡ የአግዳሚውን አንድ ጫፍ ለእሷ ይተዋሉ። ባለፈው ሳላስበው ልቀመጥበት ስል፣ «እዚያ እንኳ ይቅር፣ ልጄ» አሉኝ። እግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።