ግድግዳ ላይ የወጣ ሙክት

መምህርት ብርነሽን ከጠመኔ ጋር ያጣላት ሳል ነው። ቀየት ተወልዳ፣ ደብረ ብርሃን ሠልጥና፣ መሐል ሜዳ የኅብረተሰብ ትምህርት ስታስተምር ዓመታት አልፈዋል። ብርዱን ችላዋለች። ስብሰባውንም ችላዋለች። የጠመኔ ብናኝ ግን ጉሮሮዋን ይዘጋዋል። ሰሌዳውን ሞልታ ዞር ስትል ድምፅ የላትም። ተማሪዎቿ፣ «ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ቲቸር የምታስተምረው በእጇ ነው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ሐኪሙ ያዘዘላት ነገር አጭር ነው። «ከጠመኔ ራቂ» አላት። አስተማሪን ከጠመኔ ራቂ ማለት ገበሬን ከአፈር ራቅ እንደማለት ነው። ዳይሬክተሩ አቶ ወንዳፈራሁ ግን መፍትሔ አላጡም።

«ንብረት ክፍል ሰው ይጎድለናል» አሏት። «ጠመኔው እዚያ በካርቶን የታሸገ ነው። አይበንም።»

ብርነሽ ንብረት ክፍሉን ታውቀዋለች። እግሩ የወለቀ ወንበር፣ የተቀደደ ካርታና አይጥ ነው ያለበት። «ከአይጥ ጋር ጡረታ አልወጣም» ብላ ወጣች።

ይሁን እንጂ መውጫዋም እዚያው ንብረት ክፍል ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ለትምህርት ቤቱ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ላፕቶፕ ልከው ነበር። በርክክቡ ቀን ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ከዚያ «እንዳይበላሽ» ተብሎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቆለፈበት። ብርነሽ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተመልሳ ገባች።

«ማሽኑ ይጻፍልኝ፣ እኔ ልናገር» አለች።

አቶ ወንዳፈራሁ ፕሮጀክተሩን የሚወዱት እንደተቆለፈ ነው። ግን ዘመኑ 2005 ነው። በየግምገማው «ቴክኖሎጂ እንጠቀም» ይባላል፤ እንቢ ማለት ራሱ ያስገመግማል። ስለዚህ ፈቀዱ፣ በቅድመ ሁኔታ። ሁዳዴ እስኪጋመስ ትሞክረው። ከዚያ እሳቸውና የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሊቀ መንበር ጋሽ አፈወርቅ ባሉበት ሞዴል ትምህርት ትስጥ። ተማሪው ከተማረ ፕሮጀክተሩ በእጇ ይቆያል። ካልተማረ ፕሮጀክተሩም እሷም ንብረት ክፍል ይገባሉ።

«ደግሞ ቢያንስ ሠላሳ ስላይድ ይሁን» አሉ አቶ ወንዳፈራሁ። «ሥራ መሠራቱ እንዲታይ።»

የስላይድ አሠራሩን ያሳያት የኮምፒውተር አስተማሪው ፍሬው ነው። ፍሬው እጁም ምላሱም ፈጣን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አብሯት ተቀምጦ ዋና ዋናውን አሳያትና ሄደ። ብርነሽ ከሁሉ የወደደችው ፊደል የሚያስጨፍረውን ነው። የመማሪያ መጽሐፉን አንድ ምዕራፍ ቃል ሳታስቀር ስላይድ ላይ ገለበጠችው። ፊደሎቹ ከቀኝ እየተንከባለሉ ይመጣሉ። አርእስቱ እንደ ሠርገኛ ፈረስ ሦስት ጊዜ ዞሮ ይቆማል። መጨረሻ ላይ ላፕቶፑ ራሱ ያጨበጭባል።

የመጀመሪያው ሙከራ በሰባተኛ ክፍል ሆነ። መስኮቱን ለማጨለም ተማሪዎቹ ከየቤታቸው በበግ ጠጉር የተሠራ ባና አምጥተው ሰቀሉ። የመንዝ ባና ብርሃን አያሳልፍም፤ ንፋስም አያሳልፍም። ክፍሉ በተሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቀ፤ በግ በግም ሸተተ። ሰሌዳው ላይ አቡጀዲ ተወጠረ። ብርነሽ ቁልፉን ነካች። ፊደሎቹ መንከባለል ጀመሩ።

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

አንድ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት ተማሪ ነው የሚዳረሰው። ስለዚህ የመንዝ ተማሪ አስተማሪ የጻፈውን ነገር ሁሉ መገልበጥ ግዴታው እንደሆነ ያውቃል። በጨለማ፣ አፍንጫቸው ደብተሩን እየነካ፣ ጻፉ።

«ቲቸር፣ ይቆይ!»

«ቲቸር፣ ይመለስ! ያኛው አላለቀም!»

«ቲቸር፣ ፊደሉን አስቁሚልን! እየሮጠ እንዴት እንጻፈው?»

ብርነሽ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ስታስረዳ አንድም ሰው ቀና አላለም። የኋላው ረድፍ ደግሞ ሙቀቱ ወስዶት ተኛ። መጨረሻ ላይ ላፕቶፑ ሲያጨበጭብ የተኙት በርግገው ተነሡና አብረው አጨበጨቡ።

ሳሉ የለም። ትምህርቱም የለም።

ፍሬው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ስንት ስላይድ ነበር?»

«አርባ ሁለት።»

«ለአርባ ደቂቃ? እግዜር ይማርሽ! አንቺ ከጠመኔ አልተላቀቅሽም እኮ። ጠመኔውን በመብራት ቀየርሽው እንጂ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጽሑፉን አውጪው። አንድ ስላይድ ላይ አንድ ሥዕል አድርጊና ጠይቂያቸው። የቀረውን በአፍሽ ተናገሪ። አፍ ለምን ተፈጠረ?»

«አቶ ወንዳፈራሁ ሠላሳ ብለውኛል።»

«አለቃችን በግ ሲገዙም ቆጥረው ነው። ላቱን አይጨብጡም።»

ብርነሽ ተናደደች። ስትናደድ ደግሞ ትሠራለች። የሚንከባለለውን ሁሉ አጠፋች። የሞዴሉ ትምህርት ርእስ «የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ» ነው። መጽሐፉ ስለ አማዞን ደን ይተርካል። መሐል ሜዳ ውስጥ አማዞንን ያየ ሰው የለም፤ ጓሳን ያላየም የለም። ጓሳ ከቤት ክዳን እስከ ገመድ ድረስ አገሩ የሚኖርበት ሣር የሚበቅልበት ደጋ ነው። ባለመብቶቹ ተስማምተው ይዘጉታል። ዝግ በሆነበት ጊዜ ማጭድም አይገባ፣ መንጋም አይገባ። ሣሩ ሲደርስ በአንድ ቀን ይከፈትና ሁሉም ያጭዳል። ከጠባቂዎቹ አንዱ ጋሽ አፈወርቅ ናቸው።

ቅዳሜ የፍሬውን ካሜራ ይዛ፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግሯ፣ ጓሳ ወጣች። ጭጋጉ እስኪገፈፍ ጠብቃ አነሣች። አንዷ ፎቶ አማረችላት። ረጅም ሣር፣ ሰማይ፣ ከወዲያ ነጭ ነጭ ድንጋይ። ላፕቶፑ ላይ ስታየው ያ ሁሉ ከመዳፍ አይሰፋም።

የሞዴሉ ቀን ደረሰ። አቶ ወንዳፈራሁ አዲስ ቀይ ከረባት አስረው መጡ። ጋሽ አፈወርቅ በርኖሳቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በሩ ላይ ቆመው ጨለማውን አዩት።

«ሲኒማ ነው ያላችሁኝ?»

«ትምህርት ነው፣ ጋሽ አፈወርቅ» አለች ብርነሽ።

«በጨለማ? እኛ በብርሃን ተምረን እንኳ አልገባን።»

ብርነሽ ቁልፉን ነካች። ጓሳ ግድግዳውን ሞላው። አንድም ፊደል የለበትም። እስክሪብቶ ሁሉ ተነሥቶ የሚያርፍበት አጣ።

«ቲቸር፣ ጽሑፉስ?» አለች ፊት የተቀመጠችው ጽናት።

«የለም። እስክሪብቶ አስቀምጡ። ምን ይታያችኋል?»

«ጓሳ!»

«ክፍት ነው ዝግ?»

«ዝግ!»

«በምን አወቃችሁ?»

«ሣሩ ረዝሟል!» «መንገዱ ጠፍቷል!» «አሁን መቼ ተከፈተ?»

ጽናት እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዝግ ከሆነ ያ ሙክት እዚያ ምን ይሠራል?»

ብርነሽ ዞር አለች። ከነጮቹ ድንጋዮች አንዱ እግር አውጥቷል። ቀንድም አለው። ግድግዳው ላይ የሰው ቁመት አክሎ፣ ተዝናንቶ ሣር ይግጣል። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ታስሯል።

ጋሽ አፈወርቅ ተነሡ። ወደ ግድግዳው ሲጠጉ ጥላቸው ግማሹን ጓሳ ሸፈነው።

«ጋሼ፣ ጥላዎ!» አለ አንድ ተማሪ።

ጎን ቆሙና በዱላቸው ጫፍ የሙክቱን አንገት ነኩ። «ይሄ ገመድ አይደለም» አሉ። «ጨርቅ ነው። ነጭ ነጭ መስመርም አለው።»

ያንን አረንጓዴ ጨርቅ የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። በየሰንደቅ ዓላማ ቀኑ፣ በየምረቃው፣ በየንግግሩ ሲያዩት ኖረዋል። ዘንድሮ ብቻ ነው በቀይ የተተካው።

«የዳይሬክተሩ ከረባት!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«መምህርት ብርነሽ» አሉ አቶ ወንዳፈራሁ፣ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ። «ወደሚቀጥለው ስላይድ እለፊ።»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። አንዴ ብትነካው ሙክቱ ይጠፋል፤ አለቃዋም ውለታዋን አይረሱም። ባትነካው ንብረት ክፍሉ ታያት፣ አይጡም ታያት። ቀና ብላ ተማሪዎቹን አየች። የሚጽፍ የለም። የኋላው ረድፍ ነቅቷል፤ መንቃት ብቻ አይደለም፣ ቆሟል።

ጣቷን አነሣች።

«ይሄ አንድ ሙክት ነው» አለች። «አንድ ሙክት ቢገባ ጓሳ ምን ይሆናል?»

«ምንም! አንድ አፍ ምን ያህል ይበላል?»

«ዛሬ የሱ ገባ፣ ነገ የኛ አባት እኔስ ይላል!»

«ለፋሲካ ነው እኮ፣ ይወፍር እንጂ!»

«የኛ በግ ፋሲካ የለውም?»

«ሁሉም አንዳንድ ካስገባ ቤቱን በምን ይከድናል?»

ብርነሽ መሐላቸው ቆማ አንዱን ከአንዱ ማጋጠም ብቻ ሆነ ሥራዋ። ድምጿ አልተዘጋም። ደወል ተደወለ፤ የሰማው የለም።

ጋሽ አፈወርቅ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። «አንተ ወንዳፈራሁ፣ ልጆቹ ሲከራከሩልህ ትሰማለህ? ተናገር እንጂ። ሙክቱ ያንተ ነው?»

«የሚጠብቁት የባለቤቴ እናት ናቸው...»

«ከረባቱንስ የሚያስሩት እሳቸው ናቸው?»

አቶ ወንዳፈራሁ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «የኔ ነው» አሉ። «ከረባቱም፣ ሙክቱም።»

«ጎሽ። ቅጣቱን እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንነጋገራለን። እስከዚያ ሙክቱን ቤት አስገባው። ከረባቱንም ፍታለት፣ ያንቀዋል።»

ብርነሽ ማሽኑን በላስቲክ ጠቅልላ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይዛው ሄደች። ሳይጠይቋት ማስረከብ ይሻላል ብላ ነው። አቶ ወንዳፈራሁ ወረቀት እያገላበጡ አላዩዋትም።

«አንድ ስላይድ» አሉ። «እኔ ሠላሳ ብዬሽ ነበር።»

«ሃያ ዘጠኙም ተዘጋጅተው ነበር። ሙክቱ ጊዜ አልሰጠኝም።»

ወረቀቱን አስቀመጡ። «ጋሽ አፈወርቅ ቅድም ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ሽማግሌ አስምሎ ያላወጣውን ይህ ግድግዳ አወጣው፤ ለጓሳ ስብሰባም አውሱን አሉ። እንግዲህ እንዴት አድርጌ ልቆልፍበት?» የንብረት ክፍሉን ሁለተኛ ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉላት። «ስምምነት ስምምነት ነው፤ ተማሪው ተምሯል። ፎቶ ስታነሺ ግን...»

«እሺ፣ አቶ ወንዳፈራሁ?»

«ጠጋ ብለሽ አንሺ። ምን እንዳነሣሽ እወቂ።»

በሳምንቱ ሰባተኛ ክፍል ባናውን የሰቀለው አስተማሪዋ ሳትደርስ ነው። ብርነሽ ፕሮጀክተሩን ታቅፋ ስትገባ እስክሪብቶ ያወጣ አልነበረም። ጽናት ሁሉንም ወክላ ጠየቀች።

«ቲቸር፣ ዛሬ የሚወጣው የማን ነው?»