ማይግሬንና የሚኒባስ መስኮት

ትናንት ሐሙስ፣ ከሰዓት፣ የሚያቃጥል ፀሐይ። ከዱከም ወደ አዳማ በሚሄድ ሚኒባስ አሥራ አምስት ሰው ነበርን፤ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው።

ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ሲል ማይግሬኔ እየመጣ እንደሆነ አወቅኩ። ከመጣ ሁለት ቀን ያስተኛኛል።

መስኮቱ ጋ የተቀመጡትን አዛውንት፣ «አባባ፣ ትንሽ ይክፈቱልኝ። ኦክስጅን ሲያንስ ማይግሬን ሊቀሰቀስ እንደሚችል አንብቤያለሁ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ነፋስ ቢመታኝ አንቺ ታስታምሚኛለሽ?» አሉና የኮታቸውን ኮሌታ ጆሯቸው ድረስ አቆሙት።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ኦክስጅን የፈለገ ሆስፒታል ይሂድ» አለች። ሁሉም ሳቀ።

እኔ ክርክር አልችልበትም። ትንሽ ቆይቶ ሲያቅለሸልሸኝ፣ «አባባ፣ ሊያስመልሰኝ ነው» አልኳቸው በቀስታ።

መስኮቶቹ በሙሉ ባንዴ ተከፈቱ። ኦክስጅን ለሆስፒታል ነው ያለችው ሴትዮ ሳትቀር ከፈተች። አባባም፣ «ቀድመሽ እንዲህ አትይም ነበር?» ብለው ተቆጡኝ። ማይግሬኑ ሞጆ ሳንደርስ ለቀቀኝ።

ዛሬ ጠዋት ብልጥ ሆኜ፣ ሌላ ሚኒባስ ገና ሳልሳፈር ለሹፌሩ «መኪና ላይ ያስመልሰኛል» አልኩት። አዘነልኝና ጋቢና አስቀመጠኝ።

የጋቢናው መስኮት መክፈቻው ተነቅሏል።

እናንተስ መስኮት የምታስከፍቱት ምን ብላችሁ ነው?