መቼ እንደመረጥኩት

ቤሩት፣ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር የተከራየናት ክፍል ሁለት አልጋ ነበራት። አንደኛው ላይ ልብስ እንከምርበታለን። እሁድ እሁድ እንግዳ ሲመጣ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ እንጠቀጥቅና አልጋውን አንጥፈን፣ አንዷ እዚህ አንዷ እዚያ የምንተኛ መስለን እንቀመጣለን። እንግዶቻችን እንደኛው ሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ነበሩ። ፀጉር ሊሠሩ ወይም አገር ቤት ሊደውሉ ብቅ ይሉና በሳቅ የጀመሩትን ወሬ በለቅሶ ጨርሰው ይሄዳሉ። ሁለት ሴቶች አንድ ክፍል ቢጋሩ ማን ምን ይላል? ሁሉም የሚያደርገው ነው። እኛ ግን የምንዋደደው እንደ ባልና ሚስት ነበር።

እሷን ያወቅኋት ባዕብዳ የሚባል ሰፈር፣ ሁለታችንም አሠሪዎቻችን ቤት እያደርን በምንሠራበት ጊዜ ነው። የእሷ ማዳምና የእኔ ማዳም ቪላ ጎን ለጎን ስለነበር በረንዳዎቹ ይተያያሉ። አንድ ጠዋት ምንጣፍ ሳራግፍ፣ "አንቺ፣ ሽሮ አለሽ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰላም እንኳ አላለችኝም። ሽሮ ነበረኝና በፌስታል ቋጥሬ ወረወርኩላት። ፌስታሉ በረንዳዋ ሳይደርስ ታች የቆመ መኪና ላይ ወድቆ ተበተነ። ነጩ መኪና ሽሮ ለበሰ። ማዳሜ "ሹ ሃይዳ?" ምንድነው ይሄ እያለች እስክትወጣ ድረስ አፋችንን በእጃችን አፍነን ሳቅን። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ የሚራገፍ ምንጣፍ አላጣሁም።

የሥራ ውላችን ሲያበቃ ወጥተን ያቺን የቡርጅ ሐሙድ ክፍል ተከራየን። እሷ እየተመላለሰች ቤት ታጸዳለች። እኔ አንጠልያስ በሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ማዳም እንከባከብ ነበር፤ ጠዋት በሰርቪስ ታክሲ ሄጄ ማታ እመለሳለሁ።

በፈረንጆቹ 2019፣ የቤሩት ብርድ ሊገባ ሲል ይመስለኛል፣ አንድ ከሰዓት ከማዳም ጋር ቴሌቪዥን እናያለን። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይከራከራሉ፤ አንዱ ሐኪም ነው፣ አንዱ የሃይማኖት ሰው። ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን የሚወድበት ምክንያት ምንድነው ነው ክርክሩ።

"ያኒ፣ ማለቴ፣ እንዲህ ሆነው ነው የሚወለዱት ወይስ መርጠውት ነው?" አሉ ማዳም፣ ለእኔ ይሁን ለቴሌቪዥኑ ሳይታወቅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እናንተ አገር እንዲህ ዓይነት ሰው አለ?"

"የለም ማዳም።"

"የሌለበት አገርማ የለም" አሉና ጣቢያውን ወደ ምግብ ዝግጅት ቀየሩት።

ማታ ራት ላይ ይህንኑ ለጓደኛዬ አወራሁላት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እጇን ከሳህኑ አነሳች።

"አንቺ ምን ትያለሽ?" አለችኝ።

"እኔማ ከልጅነቴ ነው።"

እስከዚያ ቀን ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት። ሰፈራችን ውስጥ የውሃ ቦኖ ነበር። ከላይኛው ሰፈር የምትመጣ፣ በዕድሜ ጥቂት የምትበልጠኝ ልጅ ነበረች። እሷ የምትመጣበትን ሰዓት ጠብቄ፣ ቤት ያለውን ውሃ ጓሮ ደፍቼ ጀሪካኔን ይዤ እሮጣለሁ። ከኋላዋ ተሰልፌ ሹሩባዋን ማየት ይበቃኝ ነበር። ስታገባ፣ የሠርጓ ዕለት ትኩሳት ይዞኝ ተኛሁ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ። እኔ ራሴ ምች ነው ብዬ አመንኩ፤ ሌላ ስም አላውቅለትም ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ ክፉ ያደረገብኝም ሰው የለም። በኋላ ለጋብቻ ስጠየቅ እምቢ እያልኩ ሳስቸግር እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ከጠበል ስመለስ እሺ ብዬ ታጨሁ። ሰውየው መልካም ነበር፤ እንደ ወንድሜ እወደው ነበር። ሠርጉ ሲቃረብ ግን ፓስፖርት አወጣሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ቤሩት የመጣሁት ቤተሰቤን ለመርዳት ነው እላለሁ፤ የሸሸሁት ግን ከዚያ ሠርግ ነው።

ስጨርስ፣ "እኔ እንዳንቺ አይደለሁም" አለች። "ወንድ ወድጄ አውቃለሁ። ተማሪ ሳለሁ እያለቀስኩ የወደድኩት ልጅ ነበር። ስለዚህ ይሄ ነገር የኔ አይደለም፣ የቤሩት ነው። ብቸኝነት ነው ያመጣብን። አገራችን ስንገባ ይተወናል።"

"እኔንም?"

"አንቺንም" አለች እጄን ይዛ።

ልታጽናናኝ ፈልጋ ነው። እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፍቅር የምለውን እሷ እንደ ወረርሽኝ፣ አየር ሲለወጥ እንደሚተው ነገር ስታየው እንደኖረች ገባኝ። ሳህኖቹን አነሳሁና አጠብኩ። ከጀርባዬ መጥታ ዕቃውን አደራረቀችልኝ።

ወዲያው የአገሩ ሕዝብ መንግሥትን ተቃውሞ አደባባይ ወጣ። መንገዱ ሁሉ ጎማ እየተቃጠለበት ተዘጋ፤ አንዳንድ ቀን አንጠልያስ በእግሬ ነበር የምሄደው። የእሷ ሥራ እየሳሳ ሲመጣ ጸሎት ቤት ማዘውተር ጀመረች። ጸሎት ቤታችን ከአንድ ጫማ መሥሪያ በላይ ያለ የኪራይ አዳራሽ ነው። እኔ ያደግኩት በኦርቶዶክስ ነው፤ ግን አብሬያት እሄድ ነበር። የጸሎት መሪያችን እንደኛው ሰው ቤት የምትሠራ፣ ጠና ያለች ሴት ናት። አንድ ጊዜ ታምሜ ስተኛ፣ ከአሠሪዎቿ ለምና ወጥታ አጥሚት ያመጣችልኝ እሷ ነበረች።

አንድ እሁድ አምልኮው አልቆ ሰው ሲወጣ፣ "እናንተ ሁለታችሁ ቆዩ" አለችን። ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ሄዳ እንደነገረቻት ያኔ ገባኝ።

"ልጆቼ፣ ማን ነው ያስጀመራችሁ?" አለች የጸሎት መሪዋ፣ ወንበሯን አስጠግታ።

"ማንም" አልኩ እኔ።

"ሰው እንዲህ ሆኖ አይወለድም። እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ አይፈጥርም። መርጣችሁታል። የመረጣችሁትን ደግሞ መተው ትችላላችሁ።"

"እትዬ፣ መቼ እንደመረጥኩት ንገሪኝ" አልኳት። "ቀኑን ካወቅሁት በልቤ ወደዚያ ተመልሼ ሌላውን እመርጣለሁ። እናቴን ሽሽት አገር ለቅቄ፣ ሳቄን እንኳ ሰው አየብኝ እያልኩ የምኖረው ደስ ብሎኝ ይመስልሻል? ይህን ማን ይመርጣል?"

አንበርክካን እጇን ራሳችን ላይ ጫነች። ስትጸልይ አለቀሰች። እንባዋ የእውነት ስለነበር ልጠላት አልቻልኩም።

ጾም ያዝን። እኔም ስለ ጓደኛዬ ስል ጾምኩ። ልብሱን ከሁለተኛው አልጋ ላይ አንስታ እዚያ መተኛት ጀመረች።

"ምን ይሰማሻል?" አልኳት አንድ ጠዋት።

"ሰላም ይሰማኛል።"

"ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?"

"ሰላምም ያስለቅሳል" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በ2020 ኮሮና ገብቶ አገሩ ሁሉ በሩን ዘጋ። የምታጸዳቸው ቤቶች አንድ በአንድ ኸላስ፣ በቃሽ አሏት። ማዳምም በሽታ እንዳላመጣባቸው ፈርተው እስኪጠሩኝ ቤቴ እንድቀመጥ ነገሩኝ። ጸሎት ቤቱ ተዘግቷል፤ እንግዳ የሚባል አይመጣም። በዚያ ጭንቅ መሃል ወደ እኔ ተመለሰች። ልብሱን መልሰን ሁለተኛው አልጋ ላይ ከመርነው። ምስር እየቀቀልን እንበላለን፤ ፀጉሬን ትሠራኛለች፤ ከታች ያለው አርመናዊ ልብስ ሰፊ ከሚስቱ ጋር የሚጨቃጨቀውን እያዳመጥን፣ የማናውቀውን ቋንቋ ከራሳችን ፈጥረን እንተረጉመዋለን። ሰው ሁሉ የተሠቃየበትን ጊዜ እኔ እንደ ጫጉላ ነው የማስታውሰው። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ከዚያ እናቷ ደወለች። የእናቷ ወዳጅ ልጅ፣ ጨዋ፣ ሥራ ያለው ሰው ሊያገባት ይፈልጋል። ወደ አገር የሚመልስ በረራም ተገኘ ተብሎ ቆንስላችን ደጃፍ ሰልፍ ነበር። ሄዳ ተመዘገበች።

"አብረን እንሂድ" አለችኝ። "እዚያ ጎረቤት ሆነን እንኖራለን።"

"አንቺ ባል ይዘሽ፣ እኔ ጎረቤት ሆኜ?"

"አንቺም ታገቢያለሽ። ይተውሻል አልኩሽ እኮ።"

"እኔ እንደሆንኩ አይተወኝም። አንቺን ከተወሽ ግን እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ።" ስናገረው ከልቤ ነበር፤ ካልሆነስ እንዴት ትኖረዋለች ብዬ።

ወደ ኤርፖርት የሚወስዳቸው አውቶቡስ ጋ ሸኘኋት። ሁሉም ሰው አፉን ሸፍኗል። ከአጠገባችን እህትማማቾች ይላቀሳሉ፤ እኛም እንደነሱ ተላቀስን። "መርጫለሁ፤ እባክሽ ደስ ይበልሽ" አለችኝ። ሻንጣዋን አቀበልኳት። አውቶቡሱ ሲሄድ ከየትኛው መስኮት እንደምታየኝ ስላላወቅሁ ለሁሉም መስኮት እጄን አወዛወዝኩ።

የቤሩት ወደብ የፈነዳ ዕለት ማዳም መልሰው ጠርተውኝ አንጠልያስ ነበርኩ። መስኮቱ ተነቅሎ ሳሎኑ መሃል ወደቀ። ማዳምን ኮሪደሩ ውስጥ አቅፌ ተቀመጥኩ። ስልኬ ሲጠራ አነሳሁት። እሷ ናት።

"አለሽ?"

"አለሁ።"

ለቅሶዋ ንግግሯን ዋጠው። ከጀርባዋ የወንድ ድምፅ "ማናት?" ሲል ሰማሁ። "ቤሩት ያለችው እህቴ ናት፤ ተርፋለች" አለችው። "እሰይ፣ ተመስገን!" አለ ሰውየው፣ ከልቡ። በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁና ከቤት እንደወጣች አወቅሁ።

"ተወሽ?" አልኳት።

የጫማዋ ኮቴ ከቤቱ ሲርቅ ሰማሁ።

"አልተወኝም" አለች። "ደግ ሰው ነው፤ ምንም ጥፋት የለበትም። እኔ ነኝ እንጂ። ሲቀርበኝ ዓይኔን ጨፍኜ እንዳይታወቅብኝ እጸልያለሁ።" ትንፋሿን ሳበች። "ከእንግዲህ አትደውይልኝ። እኔም አልደውልም። ድምፅሽን ከሰማሁ ይሄ ቤት ውስጥ መኖር አልችልም።"

ተመለሺ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወዴት ልበላት?

"እሺ" አልኳት። "ራስሽን ጠብቂ።"

በዚያ ሳምንት የጸሎት ቤቱ ሴቶች የአዳራሹን ስብርባሪ ልናነሳ ተሰበሰብን። መስታወቱ ወንበሩ ላይ ሁሉ ተበትኗል። የጸሎት መሪዋ መጥረጊያዋን እንደያዘች ወደ እኔ መጣች።

"እህታችን እንዴት ናት?"

"አግብታለች።"

"ተመስገን!" ፊቷ በራ። "አየሽ፣ የቆረጠ ሰው ይችላል። ምስክርነቷን ለጉባኤው እናገራለሁ።"

እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። ነገሩ ግን የእኔ አይደለም፤ አገር ቤት የምትኖረው እሷ ናት።

"ስሟን አትጥሪ" ብቻ አልኳት።

"አልጠራም። አንቺስ ልጄ?"

"እኔ እንደነበርኩት ነኝ እትዬ።"

አስወጥታ የምትሰደኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን የእጇን ጓንት አወለቀችና፣ "እንኪ፣ መስታወቱ እንዳይቆርጥሽ" ብላ ሰጥታኝ ወደ ሌሎቹ ሄደች። ጓንቱን አጥልቄ ደረጃውን እስከ ታች ጠረግሁት።

ምስክርነቱን በሚቀጥለው እሁድ እንደተናገረችና ሰው ሁሉ እልል እንዳለ ሰማሁ። እኔ አልሄድኩም ነበር።